አያ ቢሻው ደህና ነው

ጠያቂዋ መስታወት ሥራ የምትጀምረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማር ቤቱ ግድግዳ ላይ ከጥቁር ወደ ነጭ ስትለወጥ የጭንጫ ሜዳ አናቢዎች ደጃፉ ላይ ይሰለፋሉ። ዘጠኝ ናቸው። ፊታቸውን ታጥበው፣ እጃቸውን አድርቀው ይመጣሉ፤ መስታወቷ እርጥብ መዳፍ አትቀበልም።

«መኳንንት አድማሱ።»

«አለሁ።»

«ትናንት በቂ እንቅልፍ አግኝተዋል?»

«ትናንት በቂ እንቅልፍ አግኝቻለሁ።»

«ሥራውን እንዲሠሩ ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«ሥራውን እንድሠራ ያስገደደኝ ሰው የለም።»

«ዛፍ ቆርጠዋል?»

«ዛፍ አልቆረጥኩም።»

አዎ ወይም አይደለም ማለት ብቻ አይበቃም። ጥያቄው ሙሉ ሆኖ መልሱ ውስጥ መግባት አለበት። መቀለድም አይቻልም። አያ መኳንንት ዓምና፣ ያስገደደህ ሰው አለ ሲባል «ከሚስቴ በቀር ማን ደፍሮ!» ብሎ ነበር። ሰልፉ በሳቅ አለቀ። መስታወቷ ቢጫ ሆነች። ሚስቱ ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተጠየቀች፤ እሱም ምርመራው እስኪያልቅ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ ወንድሙ ዘንድ እንዲያድር ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ጭንጫ ሜዳ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በፊት የሚቀልድ ሰው የለም።

ሕጉ ከወጣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የወጣው ባሕር ማዶ ነው፤ የወጣውም ለትልልቆቹ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚሸጡት ዕቃ ከማን እጅ እንደመጣ፣ ያ እጅ እንዳልተበደለ፣ ደን እንዳልተጨፈጨፈ እንዲያውቁ የታዘዙበት ሕግ ነው። ክፉ ሕግ ነው የሚል ሰው የለም። ትልልቆቹ ግን ጥያቄውን ለመካከለኞቹ አወረዱት፤ መካከለኞቹ ለትንንሾቹ አወረዱት፤ ትንንሾቹ ለጭንጫ ሜዳ አወረዱት። «ከእኛ በታች ንብ ብቻ ናት የቀረችው» ይላል አያ መኳንንት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ።

የማር ቤቱ ኃላፊ እንየው ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ሲሞት የማር ቤቱን ቁልፍና ከአሥር ቤት ማር እየሰበሰበ ለገዢው የሚልክበትን ውል ወርሷል። እሱም ይሰለፋል። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም የዝርዝሩ የመጨረሻ ስም ሲጠራ መስታወቷ አጠገብ መሆን አለበት።

«ቢሻው ተሰማ።»

ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እግራቸውን ያያሉ። መስታወቷ ፊት ማንም አይቆምም።

«አለሁ» ይላል አያ ቢሻው።

ድምፁ የሚወጣው ከግድግዳው ነው። ትንሽ ሻካራ ነው፤ ከቃል በፊት አጭር ሳል አለችው። በቂ እንቅልፍ አግኝቻለሁ ይላል። ያስገደደኝ የለም ይላል። ዛፍ አልቆረጥኩም ይላል። ከዚያ መስታወቷ ላይ «እውነት ነው» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ እንየው አውራ ጣቱን ያኖርበታል። ጽሑፉ ይጠፋል። ሰልፉ ይበተናል።

አያ ቢሻው ከሞተ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል።

ማንም ሊዋሽ አስቦ አልነበረም። በጭንጫ ሜዳ አናቢ ሲሞት ቀፎው ወዲያው ለሌላ አይተላለፍም። ሁለት አደይ እስኪያብብ ድረስ በሟቹ ስም ይጠራል። ሚስቱ ወይም ልጁ ትጠብቀዋለች፣ ማሩን ትቆርጣለች፤ «የእኔ» ግን አትልም። ንብ የጌታዋን መሄድ የምትለምደው ቀስ ብላ ነው ይላሉ፤ በችኮላ ስም የቀየረ ባዶ ቀፎ ታቅፎ ይቀራል። ሁለተኛው አደይ ሲያብብ ቀፎውን ከዛፍ ያወርዱታል፤ አፉን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው መልሰው ይሰቅሉታል። አዲሱ ባለቤት ከዛፉ ሥር ቆሞ ስሙን ይናገራል። ያን ቀን ሟቹ በእውነት ሄደ ይባላል።

የገዢው መዝጋቢ የመጣችው አያ ቢሻው በሞተ በአርባኛው ቀን ነው። ጭንጫ ሜዳን በእግሯ የረገጠች የመጨረሻዋ ጠያቂ እሷ ናት፤ ከእሷ በኋላ የምትጠይቀው ግድግዳው ላይ ሰቅላት የሄደችው መስታወት ናት። አንዱ አንዱን ፈርቶ እንዳይደብቅ ዘጠኙን ለየብቻ አስገብታ ጠየቀች። ወንዙ ዳር ሾላው ላይ የተሰቀሉት ስድስት ቀፎዎች የማን ናቸው? «የአያ ቢሻው» አለ የመጀመሪያው። «የአያ ቢሻው» አለች ሁለተኛዋ። ዘጠኙም አንድ ቃል ተናገሩ። መዝጋቢዋ በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ንጹሕ መልስ አጋጥሟት እንደማያውቅ ነግራቸው፣ ቂጣ በማር በልታ፣ አመስግና ሄደች።

እንየው መዝጋቢዋ ትታ የሄደችውን ወረቀት ያነበበው በማግስቱ ነው። «ቢሻው ተሰማ፤ አናቢ፤ በሕይወት ያለ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ አንድ የሐሰት መልስ የተገኘበት ማር ቤት ከነአናቢዎቹ በሙሉ ለሰባት ዓመት ከገዢ እንደሚታገድ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ነገ እናገራለሁ አለ።

ነገ መስታወቷ የአያ ቢሻውን ድምፅ ጠየቀች፤ በአካል መምጣት ለማይችል አናቢ ለጊዜው ድምፁ ብቻ ይበቃል አለች።

ድምፅ ነበረው። አያ ቢሻው ጉልበቱን ያመው ስለነበር ዳገቱን ወጥቶ ማር ቤት ከመምጣት ይልቅ በስልክ ድምፁን ቀድቶ መላክ ይወድ ነበር። እንየው ስልክ ላይ የዓመታት መልእክት ተቀምጧል። «እንየው፣ እንዴት አደርክ። እኔ ደህና ነኝ። ንቦቹም ደህና ናቸው፤ ጉንዳን ብቻ አስቸገረኝ።» ይቺን አሰማት። መስታወቷ ነጭ ሆነች። በማግስቱ ሌላ አሰማት። እንዲህ እያለ አሥራ ሰባት ቀን ሄደ። መልእክቱ ሲያልቅበት፣ አሁን አለቀልኝ ብሎ ሲጠብቅ፣ መስታወቷ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አመጣች፦ «የትንንሽ ድርጅቶችን ድካም ለማቅለል፣ ከእንግዲህ የቢሻው ተሰማን መልስ ከቀድሞ ድምፃቸው አዘጋጅተን እናቀርባለን። እርስዎ ማረጋገጥ ብቻ ይጠበቅብዎታል።»

አረጋገጠ።

ይህን ሁሉ ያልሰማች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። የአያ ቢሻው ሚስት እትዬ አንጓች የምትኖረው ከወንዙ ማዶ ነው። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ጠዋት ማር ቤት የሚያመጣት ጉዳይ የለም። ሾላው ላይ የምትወጣው እሷ ናት፤ የምታጨሰው፣ የምትቆርጠው፣ የምትነደፈው እሷ ናት። ማሩን ከሰዓት በኋላ በአህያ አምጥታ ትሰጣለች፤ «የቢሻው ነው» ትላለች፤ ትሄዳለች። ሰዎቹም ስለ ግድግዳው አልነገሯት። እንዴት ተብሎ ይነገራል?

መስከረም ላይ ሁለተኛው አደይ ሜዳውን ቢጫ አደረገው። በወሩ አሥራ ስምንተኛ ቀን ጠዋት፣ ሰልፉ ገና ሳይበተን፣ እትዬ አንጓች ዳገቱን ወጥታ መጣች። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። አንድ ዓይኗ በንብ ተነድፎ አብጧል።

«ምነው ሁላችሁ የለቅሶ ቤት መሰላችሁ?» አለች። «እኔ ስሜን ተናግሬ መምጣቴ ነው። ስድስቱንም ወደ ፀሐይ መውጫ አዞርኳቸው። አንዷ ብቻ ተቆጣች፤ ይኸው ዓይኔን።»

«እሰይ፣ እንኳን አደረሰሽ» አለ አያ መኳንንት፤ ግን አላያትም።

«እንየው፣ በል ለዚች ለመስታወትህ ንገርልኝ። እኔም እንደ ሰው ልሰለፍ።»

«እትዬ አንጓች፣ ዛሬ ይቅርብሽ። ከሰዓት ብትመጪ…»

«ከሰዓት ምን አለ? እጄን ታጥቤያለሁ፣ አድርቄያለሁ።» አለፈችውና መዳፏን መስታወቷ ላይ አደረገች።

«አዲስ ሰው» አለች ጠያቂዋ። «ስምዎ ማን ይባላል?»

«አንጓች ፈንታ።»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ንብ አነባለሁ። ሾላው ላይ ስድስት ቀፎ አለኝ።»

መስታወቷ ዝርዝሩን አመጣች። «ሾላው ላይ ያሉት ስድስት ቀፎዎች የቢሻው ተሰማ ናቸው።»

«ነበሩ። አሁን የእኔ ናቸው።»

«ባለቤቱን እንጠይቃለን። ቢሻው ተሰማ፣ ቀፎዎችዎን ለአንጓች ፈንታ ለማስተላለፍ ፈቅደዋል?»

እንየው እጁን ወደ መስታወቷ ዘረጋ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

መጀመሪያ ሳሏ መጣች። ከዚያ ድምፁ፦ «እኔ ገና ነኝ። ቀፎዬን ለማንም አልሰጥም።»

እትዬ አንጓች መዳፏን አላነሳችም። ከደጃፉ ውጪ ዶሮ ጮኸ።

«ማነው?» አለች።

«እትዬ…»

«ማነው አልኩህ፣ እንየው!»

«መልእክቶቹ ናቸው። ከመልእክቶቹ ነው የሠራችው። ‹እኔ ገና ነኝ› ይል አልነበር? እረፍ፣ ቀፎውን ለወጣት ስጥ ስለው ይል ነበር…»

«ሲስል ሰማሁት» አለች። ከእሱ ጋር አልነበረም የምታወራው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያች ሳል ጋር ነው የተኛሁት።» ፊቷን ወደ መስታወቷ አስጠጋች። «ቢሻው። ምን በልተህ አደርክ?»

«በቂ ምግብ በልቼ አደርኩ» አለ ግድግዳው።

ከአፏ አጭር ሳቅ ወጣ። «ቢሻው? በቂ በላሁ? ሰውየው ድግስ ላይ ሦስት ጊዜ ቀርቦለት ‹ዛሬ ሳይቀመስ ዋለ› የሚል ነበር።» ማንም አልሳቀም። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች፤ ያበጠው ላይ ይሁን ጤነኛው ላይ አልታወቀም።

መስታወቷ ቢጫ ሆነች። «አንጓች ፈንታ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ አናቢ ንብረታቸውን እንዲለቁ ጫና እየተደረገባቸው ሊሆን ይችላል። ምርመራ ተከፍቷል። እባክዎ ከቢሻው ተሰማ አምስት እርምጃ ይራቁ። ከቀፎዎቻቸውም ሁለት መቶ እርምጃ ይራቁ።»

አልተንቀሳቀሰችም። ትእዛዙ ሲደገም እንየው ክንዷን ይዞ አምስት እርምጃ አራቃት። እየራቀች አንገቷን አዙራ ግድግዳውን ታይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኙ ማር ቤት ውስጥ በርሜሎቹ ላይ ተቀመጡ። እትዬ አንጓች በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ ሲሏት እምቢ አለች።

«ነገ እናገራለሁ» አለ እንየው። «ሞቷል እላለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ። ካልተናገርኩ እትዬ አንጓች ሾላው ሥር ዳግመኛ አትቆምም። ከተናገርኩ ደግሞ ሰባት ዓመት እንዘጋለን። ሳላማክራችሁ አላደርገውም።»

«ተናገር» አለ አያ መኳንንት። «ሰባት ዓመት ጎመን እንበላለን።»

«ጎመኑስ የት አለ፣ አያ መኳንንት?» አለች የዝና። አምስት ልጆች አሏት፤ ከአናቢዎቹ ሁሉ ብዙ ማር የምታስገባውም እሷ ናት። «አንተ ሚስትህ በግ ታረባለች። እኔ ያለኝ ቀፎ ነው።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «እትዬ፣ ክፉ ሆኜ አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለች እትዬ አንጓች። «እኔ ሰባት ዓመት አልለመንኩም። ግን እንየው፣ አንድ ነገር ንገረኝ። እሱ እዚያ ውስጥ እስከ መቼ ነው የሚጠየቀው?»

«ዝርዝሩ ውስጥ እስካለ ድረስ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እሁድም?»

«እሁድም።»

«እንግዲያስ አላረፈም ማለት ነው» አለችና ወደ ወንዙ ወረደች። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። የዝናም ብትሆን።

በማግስቱ ጠዋት የእንየው ስም ሲጠራ መዳፉን አኖረ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናውን ተናገረ፦ «ቢሻው ተሰማ ሞቷል። ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። ድምፁን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያረጋገጥኩትም እኔ ነኝ።»

መስታወቷ ግራጫ ሆነች። እንዲህ ሆና አይተዋት አያውቁም። ከኋላው የዝና በአፏ የምትተነፍሰው ይሰማዋል።

«መልስዎ ከቢሻው ተሰማ መልስ ጋር አይስማማም» አለች በመጨረሻ። «ባለቤቱን እንጠይቃለን። ቢሻው ተሰማ፣ በሕይወት አሉ?»

«አለሁ» አለ አያ ቢሻው። ትንሽ ቆየና ጨመረ፦ «እንየው፣ ምን ሆንክ ልጄ?»

እንየው ይቺን ቃል ያውቃታል። አባቱ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ላይ ድምፁ አልወጣ ሲለው፣ አያ ቢሻው የላከለት መልእክት ውስጥ ያለች ናት። ያን ጊዜ ሰምቷት አልቅሶ ነበር። አሁን መዳፉን ከመስታወቷ አነሳ።

«የቢሻው ተሰማ መልስ አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተረጋግጧል» አለች ጠያቂዋ። «የእርስዎ መልስ አንድ ጊዜ ተሰምቷል። በድካም ምክንያት የተሰጠ መልስ ተብሎ ተመዝግቧል። ለጤናዎ ሲባል የራስዎን መልስም ከእንግዲህ እኛ እናዘጋጃለን። ይረፉ።»

ነጭ ሆነች። ማር ቤቱ አልተዘጋም። ማንም አልታገደም። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው በሹክሹክታ «ተመስገን» አለ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ። ማን እንደነበር እንየው አልጠየቀም። እሱም ውስጡ ያንኑ ብሎ ነበር።

ወንዙን ተሻግሮ ለእትዬ አንጓች ነገራት። ግቢዋ ውስጥ ቀርከሃ እየሰነጠቀች አገኛት።

«አላመነችኝም» አለ።

«ማንን አመነች?»

«እሱን።»

የሰነጠቀችውን ቀርከሃ አየችው። «እንግዲያው ይጠብቃቸው» አለች። «ቀፎዎቹን አልነካም። ና ይልቅ ይቺን ያዝልኝ፤ አንድ እጅ አነሰኝ።»

ያን ሳምንት ስድስት አዲስ ቀፎ ሠራች። እበት ለቀለቀቻቸው፤ በወይራ አጠነቻቸው፤ ውስጣቸውን በሰፈፍ ቀባች። ከሾላው በላይ አንድ ዋንዛ አለ። ከሾላው እስከ ዋንዛው ድረስ እየቆጠረች ሄደች። ሁለት መቶ አንድ እርምጃ ሆነ። ስድስቱን እዚያ ሰቀለቻቸው፤ ከሥር ተቀምጣ ፈትሏን ያዘች።

ጥቅምት ንብ የምትሰድድበት፣ መንጋው ከቀፎ ወጥቶ አዲስ ቤት የሚፈልግበት ወር ነው። የመጀመሪያው መንጋ ከሾላው የተነሳ ዕለት እንየው ከወንዙ ወዲህ ቆሞ ያይ ነበር። እንደ ጥቁር ሻሽ አየሩ ላይ ተዘረጋ፤ ዞረ፤ ወደ ዋንዛው ሄደ። በጭንጫ ሜዳ ፈቅዳ የገባች ንብ የገባችበት ቀፎ ባለቤት ንብረት ናት፤ በዚህ ላይ ሙግት ተሰምቶ አያውቅም። መንጋ ሲሰድድ የተወሰነው ንብ ይቀራል፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። ከሾላው ግን ምንም አልቀረም። አንዱን ተከትሎ ሁለተኛው፣ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ስድስቱም ባዶ ሆኑ። እትዬ አንጓች ለማንም ምንም አላለችም። ለንቦቹ ብቻ ስሟን ነገረቻቸው።

ኅዳር ላይ ጠያቂዋ የዓመቱን ምርት ጠየቀች።

«ቢሻው ተሰማ፣ ዘንድሮ ምን ያህል ማር ቆረጡ?»

«አርባ ሁለት ኪሎ» አለ አያ ቢሻው። «ንቦቹ ደህና ናቸው። ጉንዳን ብቻ አስቸገረኝ።»

አርባ ሁለቱ ኪሎ መሞላት ነበረበት። ዘጠኙ ከየቤታቸው አዋጡለት። የዝና ከሁሉ አብልጣ ሰጠች። አያ መኳንንት የራሱን ሲገለብጥ «እንካ፣ አያ ቢሻው» አለ፤ በርሜሉ ውስጥ ሰው እንዳለ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በሚቀጥለው ዓመትም ይሞላል፤ በሚቀጥለውም። በጥር ከገዢው አንድ ካርቶን ባዶ ብልቃጥ ደረሳቸው። የዓመቱ አርአያ አናቢ ምስል ተለጥፎበታል። ሽበት ያለው፣ ደስ የሚል፣ ሁለት ጉልበቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ነው። ቢሻው ተሰማ ይላል ከሥሩ። ፊቱ የእሱ አይደለም፤ ሳቁ ግን ትንሽ ይመስላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንየው መስታወቷ ከመንጣቷ በፊት ማር ቤቱን ከፈተ፤ ቁልፉን ለየዝና ሰጣትና ቁልቁለቱን ጀመረ። ገበያ ለመሄድ ነበር ያሰበው። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ከኋላው ስሞቹ መጠራት ጀመሩ። መኳንንት አድማሱ። አለሁ። ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ የራሱን ስም ሰማ፤ እግሩ ቆመ።

«አለሁ» አለ ድምፁ። ከእሱ ይልቅ ረጋ ያለ ነው። «በቂ እንቅልፍ አግኝቻለሁ። ያስገደደኝ ሰው የለም።»

ወደ ኋላ አልዞረም።

ቅዳሜ ገበያ ዳር፣ ቅል ደርድራ፣ እትዬ አንጓች ተቀምጣለች። አንዲት ሸማች በሰንበሌጥ ጫፍ ነክራ ቀመሰች፤ ምላሷን አጣጣመች።

«የዋንዛ ነው? የማን ማር ነው?»

«የእኔ» አለች እትዬ አንጓች።

ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቀችም። ቅሉን አንስታ አሸተተች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ትልቁን መረጠች። እንየው ከጎን ባለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እትዬ አንጓች ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራለህ? ዛሬ ስም አይጠራም እንዴ? ማን ቀረ እዚያ?»

እንየው መዳፉን አየ። ደረቅ ነበር።

«ሁላችንም እዚያው ነን፣ እትዬ» አለ።